የሰልፋ መድኃኒት ሰውነቴን አቆሰለው፤ እንቁላልም ልተው?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ከአምስት ወር በፊት ሽንቴን ሲያቃጥለኝ ቤት ውስጥ የተረፈ ኮትሪሞክሳዞል የሚባል አንቲባዮቲክ ወሰድኩ። በስምንተኛው ቀን መላ ሰውነቴን ሽፍታ ወረረኝ፤ ከንፈሬም ቆሰለ። ፋርማሲ ብጠይቅ «የሰልፋ አለርጂ ነው» አሉኝ። በኋላ ሳነብ ፕሮቲን ውስጥ ሰልፈር (ድኝ) እንዳለ አየሁ። ከዚያ ወዲህ እንቁላል፣ ሥጋና ባቄላ ትቻለሁ። አሁን ፀጉሬ እየረገፈ ነው። ሰልፈር የሌለው ፕሮቲን የትኛው ነው?

መልስ፦ እንቁላልዎን ይብሉ። ዕድሜዎን ሙሉ ያለ ችግር ሲበሉት ከኖሩ፣ ዛሬም ያው እንቁላል ነው። ጥያቄዎ ስለ ምግብ ቢሆንም ፍርሃትዎ ያ ሽፍታ እንዳይደገም ይመስለኛል። በሰልፈር ምክንያት ከምግብ አይመጣብዎትም።

ፕሮቲን በክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። 16 በመቶ ገደማው ናይትሮጅን፣ የቀረው በአብዛኛው ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ነው። ሰልፈር ጥቂት ብቻ ነው፤ ሜቲዮኒንና ሲስቴይን በሚባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) ውስጥ ይገኛል። ሜቲዮኒንን ደግሞ ሰውነታችን መሥራት አይችልም፤ የግድ ከምግብ መምጣት አለበት። የእርስዎ ሰውነት ራሱ ሰልፈር አለበት። ፀጉር ሲቃጠል ያ የሚከረፋው ሽታ ከየት የሚመጣ ይመስልዎታል? የፀጉርን ፕሮቲን አጥብቆ የያዘው የሲስቴይን ሰልፈር ነው።

ይህ የ«ሰልፋ» እና የ«ሰልፈር» ነገር ስንቱን ሰው ከገበታ አስነሳው! የሰውነት መከላከያ ሰልፈርን ብቻ ነጥሎ አይጠላም፤ የሚያውቀው የመድኃኒቱን ሙሉ ቅርጽ ነው። «ሰ» የምትለው ፊደል «ሰይፍ» ውስጥም «ሰላም» ውስጥም አለች። በሰይፍ የቆሰለ ሰው ሰላምታ አይተውም። ለምግብ ማቆያ የሚጨመረው ሰልፋይትም ከሰልፋ መድኃኒት ጋር አይገናኝም።

አሁን ወደ ከንፈርዎ ልመለስ። እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። እርስዎ እንደ ዋዛ በግማሽ መስመር አልፈውታል!

ተራ የመድኃኒት ሽፍታ ያሳክካል፣ ይጠፋል። አደገኛው ግን ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ4 ቀን እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ እንደ ጉንፋን ያተኩሳል። ከዚያ ዓይን ይቀላል፣ አፍና ከንፈር ይቆስላል፣ አንዳንዴም ብልት አካባቢ። ቆዳው ከማሳከክ ይልቅ ያማል፤ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲነኩት ይላጣል። ይህ ሰው ይገድላል፣ ዓይንም ያጠፋል። ከእነዚህ አንዱ ከሽፍታ ጋር ከታየ መድኃኒቱን ያቁሙና በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። «እስኪነጋ ልየው» የለም። ቅባት መቀባትም የለም። የእርስዎ ያ ነበር ብዬ ከዚህ ሆኜ መፍረድ አልችልም፤ ግን አምስት ወር ሙሉ ሐኪም ሳያይዎት መቅረቱ አናዶኛል።

ደግሞስ የተረፈ ክኒን! ለማን የታዘዘ ነበር? ሽንትዎስ ተመርምሮ ነበር?

ለማንኛውም አሁን ደህና ነዎት፤ መድኃኒቱን እስካልደገሙት ድረስ ያ ነገር ተደብቆ አይጠብቅዎትም። ግን በፍጹም አይድገሙት። ለወባ የሚሰጠው ሰልፋዶክሲንና ሰልፋዲያዚንም ያው ቤተሰብ ናቸው። የቃጠሎ ቅባት ውስጥ ሰልፋዲያዚን ስለሚገኝ ሲታዘዝልዎ ይጠይቁ። ስሞቹን ወረቀት ላይ ጽፈው ቦርሳዎ ውስጥ ያኑሩ፤ ለቤተሰብም ይንገሩ።

ፀጉሩን በተመለከተ፣ ፕሮቲን መቀነስም፣ ከከባድ ሕመም በኋላ ያለው ጊዜም ያረግፋል። አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። የደም ማነስና የእንቅርት ምርመራም ያድርጉ፤ ቫይታሚን ገዝተው አይዋጡ፣ እባክዎ። ሐኪሙ ዘንድ ሲገቡ ከፀጉሩ በፊት ከንፈርዎ እንደቆሰለና በስንተኛው ቀን እንደሆነ ይንገሩት። ያኔ የተነሱት ፎቶ ስልክዎ ላይ ካለ ያሳዩት።