ቦርጭ፣ ወገብና እግር፦ ቤት ውስጥ ስፖርት ለምትሠሩ

ጥያቄዎቻችሁ በዝተዋል። የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

ጥያቄ፦ በየቀኑ 100 ሲት አፕ (በጀርባ ተኝቶ ቀና ብሎ መቀመጥ) እሠራለሁ። ቦርጬ ግን ንቅንቅ አላለም።

መልስ፦ አይልማ! ሆድን በማሠራት የሆድን ስብ ለይቶ ማቅለጥ አይቻልም። ስብ የሚቀንሰው ከምትበላው በላይ ስታቃጥል ነው። ከየት እንደሚጀምር ደግሞ ሰውነትህ እንጂ አንተ አትመርጥም። በዚያ ላይ እግርህን ሶፋ ስር ሰክተህ ከሆነ የምትነሳው፣ ብዙውን ሥራ የሚወስደው ጭንህን ወደ ላይ የሚያነሳው ጡንቻ ነው።

ጥያቄ፦ ፕላንክ (በሆድ በኩል ተዘርግቶ በክርንና በእግር ጣት ብቻ ቀጥ ብሎ መቆየት) 3 ደቂቃ እቆያለሁ፤ ወገቤን ግን ያመኛል።

መልስ፦ 3 ደቂቃውን ተዪው። ወገብሽ ከሰረጎደ ሆድሽ ሥራውን ለወገብሽ ጥሎ ሄዷል ማለት ነው። በክርንሽ ተደገፊ። መቀመጫሽን ጭምቅ አድርጊ፤ ሆድሽን ቡጢ ሊያርፍበት እንደሆነ አጠንክሪው። ትንፋሽ መያዝ የለም። 10 ሰከንድ ቆይተሽ አረፍ በይ፤ እንዲህ እያልሽ 5 ወይም 6 ጊዜ ድገሚው። በትክክል ሲሠራ 10 ሰከንድም አያልቅም።

ጥያቄ፦ ስኳት (ቆሞ ቁጢጥ እያሉ መነሳት) ላይ ጉልበት የእግር ጣትን ካለፈ ይጎዳል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ጤነኛ ጉልበት ከሆነ ችግር የለውም። ደረጃ ስትወርድም እኮ ያልፋል። ይልቅ ጉልበቶችህ ወደ ውስጥ እንዳይገቡ፣ ተረከዝህም እንዳይነሳ ተጠንቀቅ። ጀማሪ ከሆንክ ከኋላህ ወንበር አስቀምጥ። መቀመጫህ ነካ ሲያደርገው ተነስ፤ ዘፍ እንዳትል።

ጥያቄ፦ በጀርባዬ ተኝቼ መቀመጫዬን ሳነሳ የጭኔ ጀርባ ይጨመድደኛል።

መልስ፦ እኔንም ድሮ እንዲሁ ያደርገኝ ነበር። ተረከዝሽ ርቆ ይሆናል፤ አንድ ስንዝር ወደ መቀመጫሽ አስጠጊው። በተረከዝሽ ገፍተሽ ተነሺና ላይ ስትደርሺ 2 ሰከንድ መቀመጫሽን ጨምቂ። ወገብሽን ግን አትለጥጪ።

ጥያቄ፦ 30 ስኳት ቀለለኝ። ብረት የለኝም።

መልስ፦ ቁጥር አትጨምር፤ አክብደው። 3 ሰከንድ እየቆጠርክ ውረድ። እሱም ከቀለለህ አንድ እግርህን ከኋላህ ወንበር ላይ ጭነህ በሌላኛው ሥራ። 8 ላይ ብረቱን ትረሳዋለህ።

ጥያቄ፦ በየቀኑ ልሥራ?

መልስ፦ አይ፣ አንድ ቀን እየዘለልክ።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ 2 ወሬ ነው። መጀመር እችላለሁ?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ! መጀመሪያ ሐኪምሽ ይፍቀድልሽ። ከዚያ በረጅም ትንፋሽና መቀመጫ በማንሳት ጀምሪ። ስትሠሪ የሆድሽ መሃል እንደ ሸንተረር ብቅ ካለ ያ እንቅስቃሴ ገና ከብዶሻል፤ አቁሚውና ለሐኪምሽ ንገሪው።