«አትጨነቁ» የሚለው ቃል ሲያስጨንቀኝ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎ። እናቴን በሞት ካጣሁ ወዲህ ልቤ አልረጋ ብሎኛል። ሌሊት ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነብኝ ያህል ጨንቆኝ እነቃለሁ። ወዳጆቼ «መጽሐፍ ቅዱስ አንብቢ፤ በአንዳች አትጨነቁ ይላል» ይሉኛል። ሳነበው ግን ይብስብኛል፤ ትእዛዝ ያፈረስኩ ይመስለኛል። ጭንቀቴ እምነቴ ስለጎደለ ነው? በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው ምን ያንብብ? እንዴትስ ያንብብ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር የእናትሽን ነፍስ ይማር፣ አንቺንም ያጽናሽ። አስቀድሜ ልንገርሽ፤ እናቱን ቀብሮ ሌሊት የሚያለቅስ ሰው እምነት የጎደለው አይደለም። ጌታችን ራሱ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንባውን አፍስሷል፤ ያውም ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ።

ያስጨነቀሽን ቃል እስቲ ከነቦታው እንየው። የሚገኘው በፊልጵስዩስ መልእክት ምዕራፍ 4 ቁጥር 6 ላይ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ይህን የጻፈው በእስራት ሆኖ ነው። በዚያው መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ የአገልግሎት ባልንጀራው አፍሮዲጡ ታምሞ ለሞት ቀርቦ እንደነበር ይነግራቸዋል፤ እግዚአብሔር ግን ማረው፣ ለእኔም በኀዘን ላይ ኀዘን እንዳይጨመርብኝ አዘነልኝ ይላል። እንግዲህ ሐዋርያው ኀዘን ነበረበት፤ ኀዘኑንም አልደበቀም። «አትጨነቁ» ከማለቱ በፊት ያለው ቃል ደግሞ «ጌታ ቅርብ ነው» የሚል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ልመናችሁን በእግዚአብሔር ዘንድ አስታውቁ የሚል ነው። ጭንቀትሽን ይዘሽ ነይ፣ ወደ ቅርቡ ጌታ አምጪው ማለቱ ነው። ጭንቀትሽን ውጪው፣ አፍነሽ ያዢው አላለም። ቃሉን ከመካከል መዘው የሰጡሽ ወዳጆችሽ በክፋት አላደረጉትም፤ ነገር ግን የሚያጽናና ቃል ከቦታው ሲነቀል ወቀሳ ይሆናል።

አሁን አንድ ቦታ ላይ አብረሽኝ እንድትቆዪ እፈልጋለሁ፤ መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ አስወርዶ፣ ለሦስት ዓመት ያልዘነበውን ዝናብ በጸሎቱ ያዘነበ ነቢይ ነው። ወዲያው የንጉሡ የአክዓብ ሚስት ኤልዛቤል ልትገድለው ዛተች፤ እርሱም ነፍሱን ለማዳን ሸሸ። አገልጋዩን በቤርሳቤህ ትቶ ብቻውን አንድ ቀን የሚያስኬድ መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ። ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦም «ይበቃኛል፤ አሁንም አቤቱ ነፍሴን ውሰድ» አለ። ከዚያ ተኛ።

እግዚአብሔር ምን መለሰለት? አልገሠጸውም። «ትናንት ተአምር አድርጌልህ ዛሬ እንዴት?» አላለውም። መልአክ መጥቶ ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። ቀና ቢል በራስጌው በፍም የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አየ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣ፤ አሁንም አልቆጣውም፤ የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ብላ አለው። እኔ ይህን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር የሚነካኝ ያ «ዳሰሰው» የሚለው ቃል ነው። ስብከቱ አልቀደመም፤ እንቅልፉና ምግቡ ቀደሙ። እግዚአብሔር ያናገረው 40 ቀንና ሌሊት ተጉዞ ወደ እግዚአብሔር ተራራ ወደ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ያም በነፋሱ፣ በምድር መናወጡና በእሳቱ ውስጥ አልነበረም፤ በትንሽ የዝምታ ድምፅ ነበር። ስለዚህ እኅቴ፣ ሳትበዪና ሳትተኚ ሌሊቱን በንባብ ብታሳልፊው መንፈሳዊነት አይደለም።

ወደ ንባቡ ስንመጣ፣ ከመዝሙረ ዳዊት ጀምሪ። አንቺ የምታፍሪበትን ቃል መዝሙረኛው ለእግዚአብሔር ፊት ለፊት ይናገረዋል። መዝሙር 87 (በሌላው አቆጣጠር 88) ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጩኸት ነው፤ እንደ ሌሎቹ በምስጋና እንኳ አይጨርስም። ቤተ ክርስቲያን ግን ጸሎት ነው ብላ ትጸልየዋለች። መዝሙር 41 (42) ላይ ደግሞ መዝሙረኛው ነፍሱን «ለምን ታዝኛለሽ?» ብሎ ይጠይቃታል፣ በእግዚአብሔር ታመኚ ይላታል፤ ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ደግሞ ይላታል፣ በሚቀጥለውም መዝሙር እንደገና። በአንድ ጊዜ አልጸናችለትም ማለት ነው።

አነባበቡን በተመለከተ አንድ ልማድ ተዪ፤ መጽሐፉን በዘፈቀደ ገልጦ ያገኙትን ቁጥር እንደ ዕጣ መቁጠር። የተጨነቀ ልብ ተግሣጹን ሁሉ ለራሱ ያደርገዋል። ይልቅ አንዲት መዝሙር ያዢ፣ በጣትሽ እየተከተልሽ ድምፅሽ ለራስሽ እስኪሰማሽ አንብቢ። እኔ ወንድሜን ባጣሁበት ወቅት አንዱን ቁጥር እንኳ መጨረስ አቅቶኝ «አቤቱ» የሚለው ላይ ስንት ሌሊት ቀርቻለሁ። ያም ጸሎት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ብቻሽንም አትሸከሚው። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ኃጢአት ስለሆነ ሳይሆን አባት ስለሆኑ። ጭንቀቱ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይላል። ሐኪም ቤት መሄድ እምነትን መካድ ነው የሚልሽ ካለ ይህን አሳዪው። «ይበቃኛል» የሚለው የኤልያስ ቃል ወደ ልብሽ ከመጣ ደግሞ አንድም ቀን አታሳድሪው፤ በዚያው ሰዓት አጠገብሽ ላለ ሰው ተናገሪ፣ ብቻሽን አትደሪ፣ ወደ ሐኪምም ይውሰዱሽ።

ለዛሬ ሌሊት መዝሙር 12 (13)ን ክፈቺ። ስድስት ቁጥር ብቻ ናት። ዳዊት አራት ጊዜ «እስከ መቼ?» ይላል፤ የሚዘምረው መጨረሻ ላይ ነው። መጨረሻዋን ማለት ካቃተሽ «እስከ መቼ?» የሚለው ላይ ቁሚና ተኚ። የቀረውን ነገ ታነቢዋለሽ።