ግምቱ የተሳሳተበት ተማሪ ነጥብ ይቀነስበት?

አይቀነስበትም። መላ ምቱ ስህተት ሆኖ መገኘቱ በራሱ ጉድለት አይደለም። እንደጻፉት ከሆነ እርስዎ በሚዳኙት የተማሪዎች የሳይንስ ሥራ ውድድር ላይ አንዷ ተማሪ ጨዋማ ውሃ የባቄላ ዘር ቶሎ እንዲበቅል ያደርጋል ብላ ገምታ ተቃራኒውን አገኘች፤ ሌላው ደግሞ በደንብ የሚሠራ፣ የሚያምር ሮቦት አቀረበ። እርስዎም ለእሷ ዝቅ ያለ ነጥብ ልስጥ ወይ ብለው ተቸግረዋል።

መጀመሪያ የልጅቷን ደብተር ከፍተው እነዚህን ይዩ፦

1. የለወጠችው የጨውን መጠን ብቻ ነው ወይስ ብርሃኑና ሙቀቱም ይለያይ ነበር?
2. ንጹህ ውሃ ብቻ ያገኙ ዘሮች ለማነጻጸሪያ አሉ?
3. በእያንዳንዱ የጨው መጠን ስንት ዘር ዘራች? አንድ ዘር ብቻ ከሆነና ካልበቀለ፣ ምክንያቱ ጨው ይሁን የዘሩ መበላሸት መለየት አይቻልም። ብዙ ዳኞች ይህን ያልፉታል፤ እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው።

ሮቦቱ የምህንድስና ሥራ ስለሆነ መላ ምት አይፈልጉበት። የትኛውን ችግር ለመፍታት እንደተሠራ፣ የመጀመሪያው ንድፍ የት ላይ እንዳልሠራና ምን እንደተሻሻለ ልጁን ይጠይቁት። በራሱ እጅ የሠራ ልጅ ስላስቸገረው ነገር በዝርዝር ያወራል።

ከልምዴ አንድ ማሳሰቢያ፦ የመጀመሪያዎቹን ነጥቦች በእርሳስ ይጻፉ። ሲጀመር እጃችን ይጠብቃል፣ ሲደክመን ይላላል፤ በዚህም ቀድመው የታዩት ልጆች ይጎዳሉ። ሁሉንም አይተው ሲጨርሱ ወደ መጀመሪያዎቹ ተመልሰው ሳያመዛዝኑ ቅጹን አያስረክቡ።