«ተላከ» ሲሉ «ተሸጠ» ማለታቸው አይደለም

ትናንት አንድ ወንድማችን እዚህ ግሩፕ ላይ ጥሩ ነገር ጠይቋል። «ዜና ላይ ይህ ኩባንያ በሦስት ወር ይህን ያህል ሚሊዮን ስልክ ላከ ይላሉ። ያን ሁሉ ሰው ገዝቶታል ማለት ነው?» ይላል። አይደለም ወንድሜ። ለምን እንደሆነ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ስልክ ስሸጥ ከገጠመኝ ልነሳ።

አንድ ጊዜ አከፋፋይ 40 ቀፎ ይዞልኝ መጣ። «አዲስ ሞዴል ነው፣ ይሄዳል» አለኝ። ግማሹን ከፍዬ ግማሹን በዱቤ ወሰድኩ። በሦስት ወር የሸጥኩት 11 ብቻ ነው። የቀረው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። የድሬን አቧራ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ጠዋት ካርቶኖቹን በጨርቅ እወለውላለሁ። በር በኩል የነበሩት ፕላስቲካቸው ሳይቀደድ ቀለማቸው በፀሐይ ነጣ። ዱቤው ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።

በአምራቹ መዝገብ ላይ ግን እነዚያ 40 ቀፎዎች ሱቄ ሳይደርሱ ተቆጥረው አልቀዋል። ፋብሪካው የሚቆጥረው ለአከፋፋዩ ሲያስረክብ ነው። ይሄ ሴል ኢን ይባላል። ደንበኛው ከፍሎ ይዞ ሲወጣ ያለው ደግሞ ሴል ስሩ ነው። በመሃል ያለው ሁሉ እንደኔ ባለ ሰው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ክምችት ነው።

ይሄ ማጭበርበር አይደለም። ለአምራቹ ገዢው አከፋፋዩ ነው፤ ዕቃውን ሲያስረክብ በሂሳብ ደንብ ገቢው ይመዘገባል። ስለዚህ «ሸጥን» የሚለውም ቃል መጠየቅ አለበት። አፕል ራሱ ድሮ «የተሸጠ አይፎን» ብሎ በሚያወጣው ቁጥር ውስጥ አከፋፋዮች ጋ ያለውም ነበረበት። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) ደግሞ የአይፎንን ብዛት መናገር ጭራሽ አቁሟል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ ስልክ አምራቹ ብላክቤሪ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2011 ፕሌይቡክ የሚባል ታብሌት አወጡ። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ወደ 500 ሺህ ላኩ። ጥሩ ይመስላል አይደል? በሚቀጥለው 200 ሺህ፣ ከዚያ 150 ሺህ። ሱቆች ያልተሸጠውን ታቅፈው ሳለ ማን አዲስ ያዛል? ዓመቱ ሳያልቅ ዋጋውን ቆረጡ፣ 485 ሚሊዮን ዶላርም በኪሳራ መዘገቡ።

በ2013 የሆነው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በአንድ ሩብ ዓመት ገቢ የመዘገቡት በ3.7 ሚሊዮን ስልክ ነው፤ ደንበኛ እጅ የገባው ግን 5.9 ሚሊዮን። ልዩነቱ ቀደም ብሎ ተልኮ ሱቅ ውስጥ የቆየው ነው። ዜድ 10 የሚባለው አዲሱ ስልካቸው ስላልሄደላቸው አንዳንዱን ስልክ ደንበኛ እስኪገዛው ድረስ ገቢ ብለው አልመዘገቡትም። በዚያው ሩብ ዓመት ለክምችቱ ወደ 934 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ ያዙ።

የጥናት ድርጅቶች ቁጥር የሚለያየውም በከፊል ለዚህ ነው። አይዲሲ የተላከውን ይቆጥራል። ጋርትነር ደግሞ ለተጠቃሚ የተሸጠውን ሲያወጣ ኖሯል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ማን ዋሸ?» ማለት አይሠራም።

እኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ዱባይ ላለ አከፋፋይ የተላከ ቀፎ በኮንትሮባንድ ዞሮ ድሬ ሊሸጥ ይችላል። በወረቀት ላይ የዱባይ ነው፣ የሚደውልበት ግን እዚሁ ድሬ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው። ስለዚህ የአገር በአገር ቁጥር ስታዩ ረጋ በሉ።

በረጅሙ ሲታይ ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረባሉ። ሳይሸጥ ዝም ብሎ መላክ አይቻልም፣ ሱቅ ይሞላል። የሚያሳስተው የአንድ ሩብ ዓመት ቁጥር ነው፤ በተለይ አዲስ ሞዴል ሲወጣ፣ ምክንያቱም ያኔ ባዶ መደርደሪያ ሁሉ እየተሞላ ነው። እኔም ያን 40 ያነሳሁት ያኔ ነው። አምራቹ ዋጋ ሲቀንስ ቀሪውን ከገዛሁበት በታች ሸጥኩት። ልዩነቱን ለአከፋፋዮች የሚክሱ ኩባንያዎች አሉ፤ እኔ ጋ ግን ምንም አልደረሰም።

ያየኸውን ዜና እዚህ ለጥፈው። የላኩትን ይሁን የተሸጠውን የቆጠሩት፣ አብረን እናየዋለን።