መልስ፦ መርከብ ላይ አንድ ሰው ቢታመም ሁሉም ይታገዳል?

«አንድ ተሳፋሪ ቢያስመልሰው ሁላችንንም ይዘጉብናል ወይ? እናቴን ይዤ ነው የምሄደው» ላሉት፦ አይዘጉብዎትም። ክፍሉ ውስጥ እንዲቆይ የሚደረገው የታመመው ነው፤ ማስመለሱና ተቅማጡ ከቆመ በኋላም ቢያንስ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ምግቡ በሩ ድረስ ይመጣለታል።

ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ኖሮቫይረስ ነው፤ በያዘ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይጀምርና ከ1 እስከ 3 ቀን ያሠቃያል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 «ኤክስፕሎረር ኦፍ ዘ ሲስ» ላይ ከ600 በላይ ተሳፋሪዎች ታመው መርከቧ ጉዞዋን አሳጥራ ወደ ኒው ጀርሲ ተመልሳለች።

እኔ የምፈራው የምግብ አዳራሹን ጭልፋ ነው፤ ስንቱ እጅ ጨብጦታል! በር ላይ የሚሰጡት የእጅ አልኮል ይህን ቫይረስ እምብዛም አይገድለውም፤ በሳሙናና በውኃ እሽት አድርገው ይታጠቡ። ለእናትዎም ጥቂት ፓኬት ኦአርኤስ (በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የፈሳሽ መተኪያ ዱቄት) ቦርሳዎ ውስጥ ይያዙ፤ አረጋውያንን ቶሎ የሚጎዳቸው የፈሳሽ ማነስ ነው።