የቴሌቪዥን ድራማ አጥንቼ የዩኒቨርሲቲ መምህር እሆናለሁ ወይ ላልከው

«ቤተሰቤ ይስቅብኛል፣ ድራማ ማጥናት ትምህርት ነው እንዴ?» ብለሃል። ነው፣ ያውም ከባዱ። እኔ የማስተርስ ጽሑፌን ግማሹን የሠራሁት እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ጎረቤት ቤት ቡና እየጠጣሁ ነው። ቃና በ2008 ከመጣ ወዲህ የቱርኮቹ ድራማ በአማርኛ ሲያወራ አይደል? ማስታወቂያ ሲገባ ጀበናው ይጣዳል፣ ክርክሩም ይጀመራል። ምራቲቱ «ጥፋተኛዋ እሷው ናት» ስትል አማቲቱ ደግሞ ለዚያችው የድራማው ሴት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ስቱዋርት ሆል የሚባለው ምሁር እንደ ፈረንጆቹ በ1973 የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ፕሮግራሙ አንድ ይሁን እንጂ ሁሉም ተመልካች አንድ ዓይነት ትርጉም አይሰጠውም። እሱ የሠራበት፣ እንግሊዝ አገር ያለው የበርሚንግሃም የባህል ጥናት ማዕከል የተከፈተው በ1964 ነው፣ የኛም ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት (በኛ 1957) መሆኑ ሁሌ ይገርመኛል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ወይ በቴአትር በኩል ግባ። ደሞዙ አያኮራም፣ እሱን አልዋሽህም። የድሮ ፕሮግራም ካሴት ፍለጋም ያንከራትትሃል። እስከዚያው ደብተር ግዛና ዛሬ ማታ እናንተ ቤት ሪሞቱን ማን እንደያዘ፣ ማን እንደተቆጣ ጻፍ።