«ቱ» ልበላቸው ወይስ «ቩ»?

ጥያቄ፦ የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። ከመስከረም ወር ጀምሮ በፈረንሳይ አገር፣ በሊዮን ከተማ፣ ከአንድ ቤተሰብ ጋር እየኖርኩ የ4 እና የ7 ዓመት ልጆቻቸውን እጠብቃለሁ። የመጣሁት «ኦ ፔር» በሚባለው የወጣቶች ቪዛ ሲሆን ዓላማዬም ፈረንሳይኛ መማር ነበር። ይሁን እንጂ ወላጆቹ እንግሊዝኛ ስለሚችሉ ትንሽ ስደናቀፍ ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ ይዞሩልኛል፤ ስድስት ወር ሊሞላኝ ቢቃረብም ዳቦ ቤት ስገባ ዛሬም አፌ ይተሳሰራል። የልጆቹ እናት «ቱ በይኝ» ቢሉኝም በ15 ዓመት የሚበልጡኝን ሴት «አንቺ» ማለት ከበደኝና «አንቱ» በሚለው በ«ቩ» ጸናሁ፤ ቅር ያላቸውም ይመስለኛል። በዚህ ላይ ወላጆቹ ሲያመሹ ቤት ስለምቀር የማታ የቋንቋ ትምህርቴ በተደጋጋሚ አምልጦኛል። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ ደግሞ «ያው ግርድና አይደለም ወይ?» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ መልሱ አጭር ስለሆነ ከዘመዶችሽ ጥያቄ እንጀምር። «ኦ ፔር» የሚለው የፈረንሳይኛ ሐረግ «በእኩልነት» እንደ ማለት ነው፤ ወጣቷ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ማዕድ እየበላች ልጆች ትጠብቃለች፣ ቀለል ያለ የቤት ሥራም ታግዛለች፣ በምላሹም ቋንቋና ባህል ትማራለች። እርግጥ ነው፣ ስሙ ብቻውን እኩልነትን አያመጣም። በፈረንሳይ ደንብ ዕድሜዋ ከ18 እስከ 30 የሆነ «ኦ ፔር» በሳምንት ከ25 ሰዓት በላይ መሥራት የለባትም፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ይኖራታል፤ ከምግብና ከመኝታ ሌላም በወር ከ320 ዩሮ የማያንስ የኪስ ገንዘብ ይሰጣታል። ለዘመዶችሽ ይህን ንገሪያቸው፤ ከዚያ በፊት ግን ራስሽ ቁጭ ብለሽ ሰዓትሽን ቁጠሪ።

ልጆቹን ከትምህርት ቤት የምትቀበዪው እንደ ብዙው የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከሆነና እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አብረሻቸው ከቆየሽ በአራት ቀን 12 ሰዓት ይሆናል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ረቡዕ ትምህርት ስለሌለ በዚያ ቀን 8 ሰዓት ብትሠሪ 20 ሞላ። ለምሽት የሚተርፈው 5 ሰዓት ብቻ ነው፤ ልጆቹ ተኝተው አንቺ ሳሎን ቁጭ ብለሽ የምትጠብቂበት ጊዜም፣ ወጥተሽ መሄድ እስካልቻልሽ ድረስ፣ ከሥራ ሊቆጠርልሽ ይገባል። የሁለት ሳምንት ሰዓትሽን በደብተር መዝግቢና የትምህርትሽን ምሽቶች ለይተሽ ለወላጆቹ በእርጋታ አሳዪአቸው። ካሉት መሰናክሎች ሁሉ ትልቁ ይሉኝታሽ ሳይሆን አይቀርም፤ እኛ ፊታችንን አይተው እንዲረዱን እንጠብቃለን፣ በዚያ ቤት ግን ዝምታሽ እንደ ፈቃደኝነት እየተወሰደ ይሆናል።

ወደ ቋንቋው ስንመጣ፣ ወላጆቹ በደግነት እየጎዱሽ ነው። «ከእራት እስከ መኝታ በፈረንሳይኛ ብቻ እናውራ» ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ሰዓቱ ከተወሰነ ለእነርሱም ይቀላል። ዋናዎቹ መምህራንሽ ግን ልጆቹ ናቸው፤ የ4 ዓመት ልጅ ሲቸግርሽ ወደ እንግሊዝኛ አይዞርልሽም፣ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ መድገምም አይሰለቸውም። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚበሉት «ጉቴ» የእኛው መክሰስ ነው፤ በዚያ ሰዓት የዋሉበትን ጠይቂያቸው። ማታ ደግሞ ተረት አንብቢላቸው። የእኛ ፊደል የተጻፈውን ሁሉ ስለሚያስነብብ (መጥበቅና መላላቱን ባያሳይም) ፈረንሳይኛ ስናነብ መጨረሻ ላይ የማይነገሩትን ፊደላት ሁሉ መጥራት ይቀናናል፤ የ7 ዓመቷ ልጅ ይህን ሰምታ ዝም አትልም፣ ስቃም ቢሆን ታርምሻለች። ፓር ዲዩ በሚባለው ሰፈር የሚገኘው የከተማው ቤተ መጻሕፍት መግቢያ ስለማይከፈልበት ረቡዕ ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ።

ከድምፆቹ ብዙዎቹን ይዘሽ ነው የሄድሽው። «ቦንዡር» ላይ ያለው ዥ፣ «ሻምፒኞን» ላይ ያለው ኞ ከአማርኛው ብዙ አይርቅም፤ «ለገሀር» ስትዪ ያደግሽውም ባቡር ጣቢያ ማለት የሆነውን የፈረንሳይኛ ቃል ነው። የሚያስቸግርሽ ራሱ «ቱ» ነው፤ እኛ በዚህ መልክ ብንጽፈውም ከንፈርሽን ለ«ኡ» አሹለሽ ምላስሽን ለ«ኢ» ካላስቀመጥሽ በስተቀር «ሁሉ» የሚል ትርጉም ወዳለው ሌላ ቃል ይሄድብሻል። ከልጆች የተማርሽውን ደግሞ ሳትመርጪ ወደ አደባባይ አታውጪው፤ «ዶዶ» በሕፃናት አፍ እንቅልፍ ነው፣ ፋርማሲ ገብተሽ «ዶዶ እምቢ አለኝ» ብትዪ ግን መሳቂያ ትሆኛለሽ።

አሁን ወደ ከበደሽ ነገር። በአማርኛ አንቱታ በቀላሉ የሚነሳ አይደለም፤ ባለቤቱ «ተይው» ቢል እንኳ አፋችን እሺ አይልም። በፈረንሳይኛ ግን «ቩ» ክብርን ብቻ ሳይሆን ርቀትንም ይናገራል። አንዲት ሴት በገዛ ማዕዷ ላይ «ቱ በይኝ» ስትልሽ ወደ ቤተሰቡ እያስገባችሽ ነው፤ በ«ቩ» ስትጸኚ «አከበረችኝ» ከማለት ይልቅ «አልቀረበችኝም» ብትል አይፈረድባትም። ስለዚህ ከነገ ጀምረሽ «ቱ» በያት። ሲከብድሽ «እባክሽ» በሚለው በ«ሲል ተ ፕሌ» ጀምሪ፤ ልመና ስለሆነ አንደበትሽም ብዙ አይሸማቀቅም። የልጆቹን መምህር፣ ሐኪሙንና የቢሮ ሠራተኞችን «ቩ» ማለት ግዴታሽ ነው። አያቲቱ ለእሑድ ምሳ ሲመጡም እርሳቸው ራሳቸው እስኪፈቅዱልሽ ድረስ «ቩ» በያቸው።